ጂፒኤ ጥሩ ሆኖ ፋይናንሻል ኤይድ ለምን ይቆረጣል? በአሜሪካ ለሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሳፕ መመሪያ

ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ጂፒኤዬ ከ3 በላይ ነው። ፋይናንሻል ኤይዴን ግን ቆረጡብኝ። ተሳስተው ይሆን?» አንዱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይደውላል፣ ሌላዋ ከሲያትል፣ ሌላው ከዳላስ። አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ አልተሳሳተም። ተማሪው ሲከታተል የቆየው አንዱን መለኪያ ነው፤ ገንዘቡን ያስቆረጠው ግን ሌላው ነው።

ነገሩ ሳፕ ይባላል። በአማርኛ «አጥጋቢ የትምህርት ግስጋሴ» ቢባል ያስኬዳል። ሳፕ ሲባል የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የመሰለው ልጅ ገጥሞኛል፤ እሱ ሌላ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ፔል ግራንት (የማይመለስ የትምህርት ገንዘብ) ወይም የተማሪ ሎን (ብድር) የሚወስድ ሁሉ ሳፕን ማሟላት አለበት። መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው፦ ውጤት፣ ፍጥነትና የጊዜ ጣሪያ። አንዱ ከጎደለ የሌሎቹ ማማር አያድንም።

ይህ መመሪያ የሚጠቅመው ፀጉር ሥራ፣ ኤችቫክ (የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሥራ)፣ የመኪና ጥገና፣ ብየዳ፣ ሜዲካል አሲስታንት፣ ኤልፒኤን (የነርስነት ሙያ) እና የመሳሰሉትን በፋይናንሻል ኤይድ ለምትማሩ ነው። አጭር የሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ኮርስ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ የምትማሩ ከሆነ አይመለከታችሁም። ለሲኤንኤ የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቀው ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፤ የተለመደው ፔል ግራንት ግን ቢያንስ 600 ሰዓትና 15 ሳምንት የሚፈጅ ፕሮግራም ይፈልጋል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

- የትምህርት ቤቱ ካታሎግ። ድረ ገጹ ላይ አለ፤ ካጣችሁት ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል።
- ስትመዘገቡ የፈረማችሁት ውል። ጠቅላላው ሰዓት ወይም ክሬዲት፣ የሳምንቱ ሰዓትና የምትጨርሱበት ቀን እዚያ ላይ አለ።
- የቅርብ ጊዜ ትራንስክሪፕት ወይም የውጤት መግለጫ።
- የሰዓት መቆጣጠሪያ ፕሪንት። በሰዓት የሚለካ ፕሮግራም ውስጥ ከሆናችሁ የግድ ነው።
- የትምህርት ቤቱ ኢሜይል ስልካችሁ ላይ የተከፈተ። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በዚያ እንጂ በጂሜይላችሁ አይደለም።
- ደብተርና ካልኩሌተር።
- ወረቀት የምታስቀምጡበት አንድ ፎልደር። የሐኪም ወረቀት፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የአሠሪ ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ይግባ። ዛሬ የማይረባ የሚመስል ወረቀት ከአምስት ወር በኋላ ሊፈለግ ይችላል።

1. ፕሮግራማችሁ በምን እንደሚለካ እወቁ

የሙያ ትምህርት ቤት ፕሮግራም በሁለት መንገድ ይለካል፤ በክሬዲት ወይም በክሎክ አወር። ክሬዲት ከሆነ የሚቆጠረው ያለፋችሁት ኮርስ ነው። ክሎክ አወር ከሆነ ክፍል ውስጥ የተቀመጣችሁበት ሰዓት ራሱ ይቆጠራል። ፀጉር ሥራ ባብዛኛው በሰዓት ነው፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ያለ የሙያ ፕሮግራም ባብዛኛው በክሬዲት ነው። በግምት አትሂዱ፣ ውሉን አንብቡ።

ይህ ለምን ይቀድማል? ቀጥሎ ያለው ስሌት በሙሉ እዚህ ላይ ስለቆመ ነው። በክሬዲት የሚማር ሰው አንድ ሳምንት ቀርቶ ፈተናውን ካለፈ ፍጥነቱ ላይ ምንም አይደርስበትም። በሰዓት የሚማር ሰው ግን የቀረበት ሰዓት ጠፋ ማለት ነው፣ ፈተናውን መቶ ቢያመጣም።

2. ካታሎጉ ውስጥ የሳፕን ገጽ ፈልጉና አራት ነገር ጻፉ

የፌዴራሉ ሕግ ማዕቀፉን ያስቀምጣል፤ ዝርዝሩን የሚወስነው ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ የጓደኛችሁ ትምህርት ቤት ደንብ ለእናንተ አይሠራም። ደብተራችሁ ላይ የምትጽፉት ይህ ነው፦

ሀ. ዝቅተኛው ውጤት ስንት ነው? ብዙ ቦታ 2.0 ወይም ሲ ነው። በመቶኛ የሚሠሩ 70 ወይም 75 የሚሉም አሉ።

ለ. ዝቅተኛው ፍጥነት ስንት ነው? ፔስ ይሉታል። ብዙ ቦታ 67 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቁም አሉ።

ሐ. የጊዜ ጣሪያው የት ላይ ነው? ሕጉ ከፕሮግራሙ ርዝመት 150 በመቶ በላይ አይፈቅድም። የ48 ክሬዲት ዲፕሎማ ከሆነ 72 ክሬዲት እስክትመዘገቡ ነው። በሰዓት ከሆነ የሚለካው በቀን መቁጠሪያ ነው፤ የ30 ሳምንት ፕሮግራም በ45 ሳምንት ማለቅ አለበት። 67 በመቶ የሚባለው ቁጥርም የመጣው ከዚህ ነው። 100ን ለ150 ብታካፍሉ 66.67 በመቶ ይሆናል። በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ጣሪያው ላይ ሲደርስ ይጨርሳል፤ ከዚያ በታች የሚሄድ አይጨርስም።

መ. ምርመራው መቼ ነው? አንድ የትምህርት ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ ፕሮግራም በእያንዳንዱ የክፍያ ጊዜ (አንዱ ዙር ገንዘብ የሚሸፍነው ጊዜ) መጨረሻ መታየት አለበት። ረዘም ያለ ከሆነ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታያል። ቀኑን ካላወቃችሁ ራሳችሁን የምታስተካክሉበት ጊዜ ያመልጣችኋል።

3. ፔሳችሁን ራሳችሁ አስሉ

ቀመሩ አንድ መስመር ነው። የጨረሳችሁትን ለተመዘገባችሁበት አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ ይደመራል፤ ያለፈው ሴሚስተር አይረሳም።

*በክሬዲት ለምትማሩ።* በመጀመሪያው ሴሚስተር 12 ክሬዲት ወሰዳችሁ፣ ሁሉንም በኤ አለፋችሁ። በሁለተኛው ደግሞ 12 ወሰዳችሁ። ሥራ በዛና ሁለት ኮርስ፣ ማለትም 6 ክሬዲት፣ መሀል ላይ አቋረጣችሁ፤ ደብልዩ ተጻፈባችሁ። አንዱን ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ወደቃችሁ። የቀረውን 3 ክሬዲት በቢ አለፋችሁ።

ጂፒኤው 3.17 ነው። ደብልዩ ጂፒኤ ውስጥ አይገባምና። ፔሱ ግን 15 ለ24 ነው፣ ማለትም 62.5 በመቶ። ወደቃችሁ። «ጂፒኤዬ ከ3 በላይ ሆኖ» የሚለው ስልክ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለመመለስ ስንት ያስፈልጋል? በሚቀጥለው ሴሚስተር 3 ክሬዲት ብቻ ወስዳችሁ ብታልፉ 18 ለ27፣ 66.7 በመቶ ነው፤ ትምህርት ቤታችሁ «67» ብሎ ከጻፈ አሁንም አልደረሳችሁም። 6 ወስዳችሁ ብታልፉ 21 ለ30፣ 70 በመቶ። ስለዚህ «አንድ ኮርስ ቀስ ብዬ ልውሰድ» የሚለው ጥንቃቄ እዚህ ላይ አይጠቅምም። ከመመዝገባችሁ በፊት አስሉት።

*በሰዓት ለምትማሩ።* ፕሮግራሙ 900 ሰዓት፣ በሳምንት 30 ሰዓት፣ በቀን 6 ሰዓት ነው እንበል። ግማሹ በ15 ሳምንት 450 ሰዓት ይሆናል። አንዱ ተማሪ አርብ አርብ ኡበር ስለሚነዳ አይመጣም። በሌሎቹ አራት ቀናት ከሌሊት ሥራ ስለሚመጣ አንድ አንድ ሰዓት ያረፍዳል። በሳምንት 10 ሰዓት ማለት ነው። በ15 ሳምንት 150 ሰዓት ጠፋ። የቀረው 300 ለ450 ነው፣ 66.7 በመቶ። ደንቡ 67 ካለ የሚፈለገው 301.5 ሰዓት ነበር። በአንድ ሰዓት ተኩል ወደቀ። አንዱን አርብ ብቻ ቢመጣ ይተርፍ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የፔል ገንዘብ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም። በ900 ሰዓት ፕሮግራም ሁለተኛው ክፍያ የሚለቀቀው የመጀመሪያውን 450 ሰዓትና የዚያን ጊዜ ሳምንታት ስትጨርሱ ነው። የክፍሉ የቀን መቁጠሪያ 15ኛ ሳምንት ስለደረሰ አይደለም። በሳምንት 20 ሰዓት የሚመጣ ሰው 450 ላይ የሚደርሰው በ23ኛው ሳምንት ነው። «ለሁሉም መጣ፣ ለእኔ ለምን ቀረ?» ለሚለው መልሱ ባብዛኛው ይህ ነው።

በፈቃድ የቀረ ሰዓትስ? ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያስቀመጠው የፈቃድ ደንብ ካለው ከክፍያ ጊዜው ሰዓት እስከ 10 በመቶ ድረስ ተሟልቷል ብሎ ሊቆጥርላችሁ ይችላል። ከ450 ውስጥ 45 ሰዓት ነው። ተቆጣጣሪው አካል ያነሰ ከፈቀደ ያነሰው ነው የሚሠራው። ደንቡ በጽሑፍ ከሌለ ግን የመምህሩ «ችግር የለም፣ ሂድ» ማለት ዋጋ የለውም።

4. በየሁለት ሳምንቱ የእናንተን ቁጥር ከእነሱ ቁጥር ጋር አስተያዩ

የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ። በየሁለት ሳምንቱ ፕሪንቱን ጠይቃችሁ አወዳድሩ። መውጫ ላይ የሰዓት ካርድ ሳይመታ መሄድ በጣም የተለመደ ነው፤ ሲስተሙ የዚያን ቀን ሰዓት ሊጥለው ይችላል። በሳምንቱ ከተናገራችሁ መምህሩ ያስታውሳል፣ ይስተካከላል። ከሦስት ወር በኋላ ግን ማን ያስታውሳል?

እኔ ራሴ በአንድ ወቅት በሰዓት የሚለካ ኮርስ ስማር 11 ሰዓት እንዲሁ ጠፍቶብኝ ያውቃል። ያስመለስኩት ደብተሬ ስለነበረ ብቻ ነው።

⚠ ጓደኛ ካርድ እንዲመታላችሁ አታድርጉ፣ ለጓደኛም አትምቱ። ያልተማራችሁበትን ሰዓት አስመዝግቦ የፌዴራል ገንዘብ መውሰድ ማጭበርበር ነው። ሁለታችሁንም ያስባርራል።

5. ኮርስ ከመጣላችሁ በፊት ምን እንደሚቆጠር እወቁ

ቁጥሩን የሚያበላሹት እነዚህ ናቸው።

ደብልዩ፦ ተመዝግቧል፣ አልተጠናቀቀም። ፔስ ይቀንሳል። በሴሚስተሩ መጀመሪያ በአድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መተው በሚፈቀድባቸው) ቀናት ውስጥ ከወጣችሁ ግን ባብዛኛው ጭራሽ አይቆጠርም። ስለዚህ ልትተዉ ካሰባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ተዉ።

ኢንኮምፕሊት፦ እስኪሟላ ድረስ ያልተጠናቀቀ ሆኖ ይቆያል። የማሟያ ቀኑን ካሳለፋችሁ ብዙ ቦታ ወደ ኤፍ ይለወጣል።

መድገም፦ ሁለቱም ሙከራ እንደ ተመዘገባችሁበት ይቆጠራል። የወደቃችሁበትን ኮርስ በፌዴራል ገንዘብ መድገም ትችላላችሁ። ያለፋችሁትን ግን ውጤት ለማሻሻል በዚያ ገንዘብ መድገም የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረ ክሬዲት፦ ከተቀበሉት በሁለቱም በኩል ይገባል፣ በተመዘገባችሁበትም በጨረሳችሁትም። ፔሱን ያግዛል፤ የጊዜ ጣሪያውን ግን ይበላል። ከኢትዮጵያ የመጣ ትራንስክሪፕት አስገምግማችሁ ካስገባችሁም ያው ነው። ለምትማሩት ሙያ የማይረባ ክሬዲት እንዲቆጠርላችሁ አትጓጉ።

የፕሮግራም ለውጥ፦ ከኤችቫክ ወደ ኤሌክትሪክ ብትዞሩ የቀድሞው ክሬዲት ይቆጠር አይቆጠር የሚወስነው የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። ፎርሙን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

6. ራቅ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ ፈርሙ

እኛን ከሁሉ በላይ የሚጎዳን ይህ ነው። ከአገር ቤት ስልክ ይደወላል። እናት አረፉ ይባላል። ማታውኑ ትኬት ተቆርጦ ይሄዳል። ለትምህርት ቤት የሚናገር የለም፤ በዚያ ሰዓት ማን ትምህርት ቤት ያስታውሳል? ለቅሶው፣ አርባው እያለ ወር ይሞላል። ተማሪው ሲመለስ ከፕሮግራሙ ወጥቷል።

ለምን? መገኘትን መመዝገብ ያለባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ክሎክ አወሮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ተማሪው ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ቀን አንስቶ በ14 ቀን ውስጥ ወጥቷል ወይ የሚለውን መወሰን አለባቸው። ደግ ወይም ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ወጥቷል ከተባለ ደግሞ የገንዘብ ስሌት ይሠራል። ከክፍያ ጊዜው 60 በመቶ ሳያልፍ ያቆመ ተማሪ ሙሉውን ገንዘብ አላገኘም ተብሎ ይቆጠራል። ትምህርት ቤቱ ቀሪውን ለመንግሥት ይመልሳል፤ የጎደለውን የትምህርት ክፍያ ከእናንተ ይጠይቃል። ሎን ካለባችሁ የስድስት ወሩ የእፎይታ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ለመጨረሻ ጊዜ ከተገኛችሁበት ቀን ነው።

መፍትሔው ሊቭ ኦፍ አብሰንስ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ ለመቅረት ከትምህርት ቤቱ የሚገኝ ፈቃድ ነው። እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ከመሄዳችሁ በፊት ፎርሙን ጠይቁ። ምክንያቱን፣ የምትመለሱበትን ቀንና ፊርማችሁን ይፈልጋል።

ለ. ለመፈረም ጊዜ ከሌላችሁ ከኤርፖርት ሆናችሁም ኢሜይል ጻፉ። ሁለት መስመር ይበቃል፦ «አባቴ ስላረፉ ዛሬ ወደ ኢትዮጵያ እየሄድኩ ነው። ሊቭ ኦፍ አብሰንስ እጠይቃለሁ፣ በዚህ ቀን እመለሳለሁ።» ድንገተኛ ነገር ሲገጥም ትምህርት ቤቱ ፈቃዱን ሰጥቶ ወረቀቱን በኋላ መቀበል ይችላል።

ሐ. ጠቅላላው ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ከ180 ቀን መብለጥ አይችልም።

መ. ባላችሁት ቀን ተመለሱ። በረራ ከተዛወረ ቀኑ ሳያልፍ አሳውቁ። በቀኑ ያልተመለሰ ሰው ከመጀመሪያውም እንደወጣ ነው የሚቆጠረው።

ለወሊድም፣ ለቀዶ ሕክምናም፣ ለኢሚግሬሽን ጉዳይም መንገዱ ይኸው ነው።

⚠ ፈቃዱን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። ፎርም ማስገባት ብቻውን ፈቃድ አይደለም። «ተፈቅዷል» የሚል የጽሑፍ መልስ ጠብቁ፣ አስቀምጡ።

7. የዋርኒንግ ኢሜይል ሲመጣ አትደንግጡ፣ አትተኙም

በእያንዳንዱ የክፍያ ጊዜ የሚመረምሩ ትምህርት ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀን ተማሪ ዋርኒንግ ላይ ሊያስቀምጡት ይችላሉ። ዋርኒንግ ማለት ለአንድ የክፍያ ጊዜ ገንዘቡ ይቀጥላል ማለት ነው። አፒል (ይግባኝ) መጻፍ አያስፈልግም። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ካልተስተካከለ ይቆረጣል። በዓመት አንዴ ብቻ የሚመረምር ትምህርት ቤት ዋርኒንግ አይሰጥም፤ ቀጥታ ይቆርጣል። የእናንተ የቱ ነው? ደረጃ 2 ላይ ጽፋችሁታል።

ኢሜይሉ በመጣ በሳምንቱ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና ምን ያህል እንደሚያስፈልጋችሁ አስሉ። ቁጥሩን ይዛችሁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሂዱ። «በመጨረሻው ቀን ስንት ሰዓት ሊኖረኝ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ለምኑ። የማካካሻ ሰዓት ቅዳሜ ወይም ማታ የሚሰጡ አሉ፤ እሱንም ጠይቁ።

8. ከተቆረጠ አፒል ጻፉ

ሕጉ ለአፒል የሚጠቅሳቸው ምክንያቶች የዘመድ ሞት፣ የተማሪው ጉዳት ወይም ሕመም፣ ወይም ሌላ የተለየ ሁኔታ ናቸው። አፒል መቀበል ግን የትምህርት ቤቱ ፈቃድ ነው፤ የማይቀበሉም አሉ። ውሳኔያቸው የመጨረሻ ነው። ወደ ፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ደውላችሁ አታስለውጡትም።

ደብዳቤው ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት። ምን ደርሶባችሁ ነው የወደቃችሁት? አሁንስ ምን ተለወጠ? የእኛ ሰው የመጀመሪያውን ሁለት ገጽ ይጽፍበታል፣ ሁለተኛውን ይረሳዋል። አፒል የሚወድቀው ባብዛኛው እዚያ ላይ ነው። ሰዎቹ እያዘኑላችሁም ቢሆን በሚቀጥለው ምርመራ ታልፋላችሁ ብለው የሚጽፉበት ነገር ይፈልጋሉ።

እንዲህ አትጻፉ፦ «ብዙ ችግር ነበረብኝ። ቤተሰብ አለኝ፣ ሥራም ከባድ ነው። እባካችሁ ሌላ ዕድል ስጡኝ፣ ጠንክሬ እማራለሁ።» እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ቀን የለው፣ ቁጥር የለው፣ ወረቀት የለው።

እንዲህ ጻፉ፦ «አባቴ ማርች 4 ቀን አረፉ። ከማርች 6 እስከ 27 አዲስ አበባ ነበርኩ። በዚህ ምክንያት 90 ሰዓት ቀረብኝ። የሞት ምስክር ወረቀትና የትኬቴ ቅጂ ተያይዘዋል። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አልቀረሁም። አሁን ተመልሻለሁ። የሌሊት ሥራዬን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛውሬያለሁ፤ የአሠሪዬ ደብዳቤ ተያይዟል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት የ4 ሰዓት ትምህርት አካክሳለሁ፤ መምህሬ ተስማምተዋል።» በእንግሊዝኛ ስትጽፉት አንድ ገጽ አይሞላም። አይሙላም።

ስለ ወረቀቱ፦

ከአገር ቤት የመጣ የሞት ምስክር ወረቀት አማርኛ ከሆነ ይተርጎም። ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን ጽፎ ይፈርም። ራሳችሁ አትተርጉሙት። ወረቀቱ እስኪመጣ ጊዜ ከወሰደ ትኬትና ፓስፖርት ላይ ያለው ማኅተም ይቅደም፤ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ወይም የእድር ደብዳቤም ተጨማሪ ማስረጃ ይሆናል።

ሕመም ከሆነ የሐኪሙ ደብዳቤ ቀኖቹን ይጥቀስ። የበሽታውን ዝርዝር መናገር የለባችሁም፤ ከዚህ እስከዚህ ቀን መማር አይችልም ነበር፣ አሁን ይችላል የሚለው ይበቃል።

በእኛ ልማድ አጎት «አባቴ» ይባላል፣ ያሳደገች አክስት «እናቴ» ትባላለች። ደብዳቤው ላይ እንዲህ አትጻፉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ከመዝገባችሁ ካልገጠመ እውነቱን ስትናገሩም የዋሻችሁ ይመስላል። «እንደ እናት ያሳደገችኝ አክስቴ» ብላችሁ ጻፉ። ዘመድ ናት፣ ይቆጠራል።

⚠ የሐሰት ወረቀት አታስገቡ። ፋፍሳ (የፋይናንሻል ኤይድ ማመልከቻው) ላይ ስትፈርሙ ያነበባችሁት ማስጠንቀቂያ ቀልድ አይደለም፤ የሐሰት መረጃ ሰጥቶ ገንዘብ መውሰድ እስከ 20,000 ዶላር ቅጣት፣ እስር ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል።

9. መልሱ ከመጣ በኋላ

ከተፈቀደ ፕሮቤሽን ላይ ትሆናላችሁ። ገንዘቡ ለአንድ የክፍያ ጊዜ ይቀጥላል፤ በመጨረሻው መለኪያውን ማሟላት አለባችሁ። በአንድ ጊዜ ማሟላት በስሌት የማይቻል ከሆነ አካዳሚክ ፕላን ይሰጣችኋል፤ በየጊዜው ምን ያህል መድረስ እንዳለባችሁ የተጻፈበት ስምምነት ነው። እሱን እስከጠበቃችሁ ገንዘቡ ይቀጥላል። ፕላኑ «ኮርስ መጣል ክልክል» የሚል መስመር ሊኖረው ይችላልና ሳታነቡ አትፈርሙ።

ካልተፈቀደ መማር ትችላላችሁ፣ ግን ከኪሳችሁ ነው። ቁጥሩ ሲስተካከል ገንዘቡ ይመለሳል። አንድ ሴሚስተር ቤት መቀመጥ ወይም ከኪስ መክፈል ብቻውን ምንም አያስተካክልም፤ የሚያስተካክለው ያለፋችሁት ኮርስ ወይም የጨረሳችሁት ሰዓት ነው። የጊዜ ጣሪያውን አልፋችሁ ከሆነ ደግሞ ውጤት ማሻሻል አይመልሰውም፤ ቀሪው መንገድ አፒል ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*አዲስ ፋፍሳ መሙላት።* «በአዲሱ ዓመት ሞልቼ ሁሉም ይታደሳል» የሚል አለ። አይታደስም። ፋፍሳ የሚጠይቀው ስለ ገቢና ስለ ቤተሰብ ነው፤ ሳፕን የሚይዘው ትምህርት ቤቱ ነው።

*ዘመድ እንዲደውል ማድረግ።* እንግሊዝኛ የሚችል የአጎት ልጅ ይደውላል፤ ቢሮው «ስለ ተማሪው መናገር አንችልም» ይላል። ክፋት አይደለም፣ ፈርፓ የሚባል የምሥጢር ሕግ ይከለክላቸዋል። የፈቃድ ፎርም ላይ የዘመዱን ስም ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ከዚያ ይደውል። ወይም አብራችሁ ሂዱና እናንተ ፊት ያስተርጉምላችሁ።

*ስልክ ብቻ።* በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ የለውም። ከደወላችሁ በኋላ «ዛሬ እንዲህ ብላችሁኛል፣ ትክክል ነው?» የሚል ኢሜይል ላኩ።

*የአፒል ቀን ማሳለፍ።* ቀነ ገደቡ አጭር ሊሆን ይችላል። ወረቀት ካልተሟላ ደብዳቤውን በቀኑ አስገቡና «የሞት ምስክር ወረቀቱ እስከዚህ ቀን ይደርሳል» ብላችሁ ጻፉበት።

*«አላውቅም ነበር» ማለት።* ካታሎጉን እንደተቀበላችሁ ስትመዘገቡ ፈርማችኋል። ይህ ምክንያት ሲሠራ አላየሁም።

*ሌላ ቦታ ሄዶ መጀመር።* ትምህርት ቤት መቀየር አንዳንዴ ያዋጣል። ግን አዲሱ ትምህርት ቤት የራሱ ሳፕ አለው፤ ከቀድሞው የሚቀበለው ክሬዲት ይቆጠራል። ፔል ግራንትም በዕድሜ ልክ 600 በመቶ ገደብ አለው፣ ማለትም የስድስት ሙሉ ዓመት ያህል ነው። የተጠቀማችሁት ምን ያህል እንደሆነ ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ ላይ አካውንታችሁን ከፍታችሁ ታያላችሁ። ሳታዩት አዲስ ውል አትፈርሙ።